ጭንቅላቴ አምኗል፣ ሰውነቴ ገና ነው

ሐዋሳ ውስጥ እሁድ ጠዋት ከዝማሬ ማምለጥ አይቻልም። ገና ሳይነጋ ከቅዱስ ገብርኤል በኩል የቅዳሴው ዜማ ይመጣል። ረፈድ ሲል የእኛዎቹ ይረከባሉ። ሙሉ ወንጌሉ፣ መካነ ኢየሱሱ፣ ቃለ ሕይወቱ፣ ትናንት የተከፈቱት አዳዲሶቹም ስፒከራቸውን ወደ ውጭ ያዞራሉ። መናኸሪያ ኑሩ፣ አቶቴ ኑሩ፣ ታቦር ሥር ኑሩ፣ ያው ነው። ባጃጅ ውስጥ ብትሸሸጉ ሾፌሩ ራሱ መዝሙር ከፍቶ ይጠብቃችኋል።

መዝሙሮቹን እወዳቸዋለሁ። አብዛኞቹን ከነአልቶ ድምፃቸው በቃሌ አውቃቸዋለሁ። የሚከብደኝ አንድ ቦታ ላይ ነው። መዝሙሩ ያልቅና ኪቦርዱ ብቻውን ይቀራል። ለስለስ ያለ፣ አየር ላይ የሚንጠለጠል ድምፅ። ፔንጤ ሆኖ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሰባኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ እዚህ መካከላችን አንድ ሰው አለ» የሚልበት ሰዓት ነው። ያኔ እጄ ይቀዘቅዛል። መንጋጋዬ ይቆለፋል። ምንም አላሰብኩም፣ ማንም ምንም አላለኝም። ልቤ ግን ሩጫ ጀምሯል።

ሴት ነኝ፣ ሴት የምወድ። አማኝም ነኝ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስናገር ከሁለቱም ወገን የሚያኮርፍ አይጠፋም። ስለ እሱ እመለስበታለሁ።

ስሜን አልጽፍም። ቤተሰቦቼን የሚያስለዩ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ምክንያቱን ለሐበሻ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግን ለመዝገቡ ያህል፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ያስቀጣል። ወንድ ሴት ብሎ አይለይም። ከሱ በፊት የነበረው የ1949ኙ ሕግም ይቀጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሕጉ ይልቅ የሰፈር ወሬ ያስፈራኛል። በነሐሴ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ በጥቆማ ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እየተወሰደ ነው ሲባል፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሰው ፎቶና ስም ሲለጠፍ፣ እዚህ ሐዋሳ ያለነው ስልካችንን ስናጸዳ ነበር የምናመሸው። ቻት ማጥፋት፣ ፎቶ ማጥፋት፣ ከግሩፕ መውጣት። አንዳንዱ ሰው በዚያው ጠፍቶ ቀረ። የት እንዳለ መጠየቅም ያስፈራል።

ያደግኩበት ቤት ክፉ ቤት አልነበረም። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። በደርግ ዘመን ጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያኖች ተዘግተው አማኙ ከቤት ቤት እየተደበቀ ሲያመልክ፣ እሱ ጎረምሳ ነበር። መጋረጃ ጥለው፣ በር ቆልፈው፣ በሹክሹክታ ይዘምሩ እንደነበር ሲያወራን ዓይኑ ይበራል። ጫማ ደጃፍ ላይ አይተውም፤ ብዛቱ ያሳብቃል። አንድ በአንድ ይገባሉ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እኔና ወንድሜ ይሄን ታሪክ እንደ ጀብዱ ነበር የምንሰማው። አባዬ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ለምን ዓይነት ሕይወት እያሠለጠነኝ እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም።

ደንቡ ግን ጥብቅ ነበር። ዘፈን የለም። ሱሪ የለም። ሰርግ ላይ እስክስታ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ንጥቀት ነበረ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ቤቱ ባዶ ከሆነ፣ ምድጃው ላይ ድስት ተጥዶ ሰው ከሌለ፣ «ጌታ መጥቶ ወስዷቸዋል፣ እኔ ቀርቻለሁ» ብዬ እንቀጠቀጥ ነበር። እማዬ ጎረቤት ሽንኩርት ልትበደር ሄዳ ነው። ስትመለስ ግድግዳ ተደግፌ ታገኘኛለች። እንግዲህ ገና ማንን እንደምወድ ሳላውቅ፣ ሰውነቴ «አንቺ ከሚቀሩት ነሽ» የሚለውን ተምሮ ጨርሷል።

ያም ሆኖ ኳየሩ ነበረኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ። አራት ድምፅ ሲገጥም ደረት ውስጥ የሚሆነውን ነገር ያልዘመረ ሰው አያውቀውም። ለቅሶ ቤት አብረን እናድራለን፣ ሰርግ አብረን እንሠራለን። ሰው ታሞ ሆስፒታል ከተኛ ምሳ የሚያመላልስ ሰው ተራ ይወጣለታል። ይህን ሁሉ «ትተሽው ውጪ» የሚለኝ ሰው ምን እንደሚያስተወኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጉዳዩ በስሙ ተጠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የሰማሁት ካምፓስ እያለሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ የሉተራን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች። ምክንያቱ እነሱ በ2009 የወሰዱት አቋም ነበር፤ ስዊድኖቹ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ተቀበሉ፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ቋሚ ግንኙነት ያሉ አገልጋዮችን ፈቀዱ። የስዊድን ሚሲዮናውያን ወደ አፍሪካ ቀንድ መምጣት የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ቀላል ዝምድና አልነበረም የተቆረጠው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነው፣ ግን ዜናው ከተማውን አዳረሰ። የዚያን እሁድ ሰባኪያችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሄ ነገር እኛ ሀገር የለም» አለ። ጉባኤው አሜን አለ። እኔ የኳየር ልብሴን ለብሼ ከኋላው ቆሜያለሁ። እኔም አሜን አልኩ።

ከጎኔ የቆመችውም አሜን አለች። ስም አልሰጣትም፣ የውሸት ስምም ቢሆን። ሶፕራኖ ነበረች። ማታ ማታ ከልምምድ ስንወጣ ወደ ፍቅር ሐይቅ እንወርዳለን። እዚህ ሀገር ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ማን ዞር ብሎ ያያል? ለውዝ እንበላለን፣ አባ ኮዳዎቹ ዛፍ ላይ ሲጣሉ እናያለን፣ ስለ ፈተና እናወራለን። ስለ ራሳችን አናወራም። በአፋችን ያላወራነውን በቴክስት ተጻጻፍነው፤ የሷ ወንድም አነበበው። ያለቀው በዚያ ነው። እሷን ወደ ሌላ ከተማ ወሰዷት። እኔን ወደ ጸሎት ቤት።

ቦታውን አልናገርም። ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ሲጾሙልኝ ሰነበቱ፣ እኔንም አስጾሙኝ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክብ ሠርተው መሃል አስቀመጡኝ። ዘይት ነበረ። ጩኸት ነበረ። ግንባሬ ላይ የሚጫን እጅ ነበረ። የከበደኝ ግን ሌላ ነው። እኔን አያናግሩም። «አንተ መንፈስ፣ ስምህን ተናገር! ውጣ!» ይሉታል፣ ውስጤ አለ የሚሉትን ሰው። ስሜን የጠራ የለም። ኪቦርዱ ጥግ ላይ ያን ለስላሳ ድምፅ ይዞ ይጫወታል፣ ሳያቋርጥ። ስፈራገጥ ሁለት እጆች እግሬን ያዙኝ። ቀና ብዬ ሳይ እማዬ ነበረች።

በመጨረሻ ጮህኩ። ጩኸቱ የእኔ ነበር፣ የደከመ ሰው ጩኸት። እነሱ ግን «ወጣ!» አሉ። እልልታ ሆነ። በሚቀጥለው እሁድ መድረክ ላይ ወጥቼ ጌታ ነጻ እንዳወጣኝ መሰከርኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ቤት መመለስ ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ብዙም የሚወራ የላቸውም። ሠራሁ፣ ተመረቅኩ፣ ሽማግሌ ሲላክ አሳበብኩ። አባዬ ሳልነግረው ሞተ። ሌሊት አልተኛም ነበር። ለእንቅልፉ ብዬ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ፤ የነበረው ባለሙያ ጥቂት ከሰማኝ በኋላ አሚትሪፕቲሊን ጻፈልኝና «ጸሎቱንም አጠንክሪ» አለኝ። ክኒኑ አስተኛኝ፣ ይሄን አልክድም። ምክሩን ሲሰጠኝ ግን ከየት እንደመጣሁ ባወቀ።

አሁን ወደ ጥቅሶቹ ልምጣ። የእኔ ዓይነት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ያደግነው በጥቅስ ነው፣ የቆሰልነው በጥቅስ ነው፣ ስለዚህ መድኃኒቱም እዚያው ያለ ይመስለናል። እኔም ሌሊት ሌሊት በስልኬ መብራት አነብ ነበር።

በሰዶም ጀመርኩ። በልጅነቴ የሰዶም ኃጢአት ምንድን ነው ብትሉኝ ሳላስብ እመልስ ነበር። ሕዝቅኤል 16 ቁጥር 49ን ግን ማንም አላስጠናኝም። እዚያ ነቢዩ የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢት ይላል፣ እንጀራ መጥገብ ይላል፣ የችግረኛውንና የድሀውን እጅ አለማበርታት ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ከጥጋብ በኋላ ድሀን መርሳት! ይህን በዚህ ከተማ ውስጥ ስንቱ መድረክ ላይ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?

ቀጥሎ ጃንደረባው መጣ። ይሄኛውን እዚህ ሀገር የማያውቀው የለም። ሐዋርያት ሥራ 8። የህንደኬ ባለሥልጣን፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ፣ ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄዶ ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ በሠረገላ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ። ኦርቶዶክሶቹ ባኮስ ይሉታል። ፔንጤውም ኦርቶዶክሱም «እኛ ከአውሮፓ ቀድመን አመንን» ለማለት እሱን ይጠቅሳል። በእሱ የማይኮራ ሰባኪ የለም። ጃንደረባ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ የሚሰብክ ግን አልገጠመኝም። በዘዳግም 23 መሠረት እንደሱ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የሄደው ደንቡ ወደማያስገባው ቦታ ነው። ሲመለስም ተስፋ ቆርጦ ጥቅልሉን አልጣለም፤ ኢሳይያስን እያነበበ ነው። እያነበበ የነበረው ምዕራፍ 53ን ነው። ጥቂት ወደፊት ቢገልጥ፣ ምዕራፍ 56 ላይ ራሱን ያገኛል፤ «ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል» የሚለው እዚያ ነው። ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በቤቴ እሰጣቸዋለሁ የሚለውም እዚያው።

እና ውኃ ጋ ሲደርሱ ፊልጶስን አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል። «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሲከለከል የኖረ ሰው ነው። ፊልጶስ ግን ሽማግሌዎች ሰብስቤ ልምጣ አላለውም። ወረዱ፣ ተጠመቀ፣ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ።

ጃንደረባው እኔ ነኝ እያልኩ አይደለም። የሱ ነገር ሌላ፣ የእኔ ነገር ሌላ። ሮሜ 1 አሁንም አለ። አልቀደድኩትም፣ በዘዴ አልዘለልኩትም። የግሪኩን ትርጓሜ የሚከራከሩ ምሁራን እንዳሉ አውቃለሁ፣ ክርክራቸውን አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱ ያሳምነኛል አንዳንዱ ይጎተትብኛል። ለእኔ የበቃኝ የጃንደረባው መንገድ ነው። ደንቡ ሲከለክለው መንፈሱ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው ላከው። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ይጠላኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከልቤ ነው። በጭንቅላቴ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ታዲያ እሁድ ጠዋት ኪቦርዱ ሲጀምር እጄ ለምን ይቀዘቅዛል?

ይሄ ጥያቄ ነው ብዙ ያናደደኝ። ክርክሩን አሸንፌያለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልስ አለኝ። ግን ሰው ብዙ ያለበት አዳራሽ ስገባ በሩን የሚያይ ቦታ እመርጣለሁ። አንድ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ቢነካኝ እዘላለሁ። የወይራ ዘይት ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ሰው ሲወደኝ «ገና አላወቀችኝም» እላለሁ። መጀመሪያ እምነቴ ስላልጠነከረ መሰለኝ። በኋላ ደግሞ ንባቤ ስላልጠነከረ። ሌላ መጽሐፍ፣ ሌላ ስብከት፣ ሌላ ማብራሪያ። ጭንቅላቴን እያጎረስኩ ሰውነቴን አስርባለሁ።

ነገሩን ያስረዳችኝ አማካሪዬ ናት። ውጭ ሀገር የምትኖር፣ አማርኛ የምታወራ ሴት ናት። የምንገናኘው ማታ፣ ኔትወርኩ ሲፈቅድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ በዋለው፣ ውስብስብ የሚባል የትራውማ ሕመም፣ የደረሰ ጉዳት የሚተወውን የአእምሮ ቁስል፣ ለይቶ አስገብቷል። ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል መመለሱ፣ የሚያስታውሰውን ሁሉ መሸሽ፣ ሁሌ አደጋ እንዳለ መጠበቅ። በዚህ ላይ ስሜትን መግዛት አለመቻል፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት፣ ሰው መቅረብ መቸገር ይጨመርበታል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማምለጥ በማይቻልበት ቦታ፣ ደጋግሞ ከሚደርስ ነገር ነው። ስታነብልኝ ሳቅኩ፤ የሕይወት ታሪኬን ሰው የጻፈው መሰለኝ። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከበሽታ ዝርዝር አውጥቷል። እኔ የሆንኩትን አወጡት፣ የተደረገብኝ ያመጣውን አስገቡት።

ሌላም ነገር አነበብኩ፣ ይሄ ደግሞ አስለቀሰኝ። ጸሎት ቤት የተሰጠኝ ትምህርት ከአሜሪካ የመጣ ነበር፤ ሰው ተጸልዮለትና ተመክሮ «ይለወጣል» የሚለው። የዚህ ነገር ትልቁ ድርጅት ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ አለን ቻምበርስ ለጎዷቸው ሰዎች ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሮበርት ስፒትዘር፣ ሰው ሊለወጥ ይችላል ብሎ በ2003 ጥናት ያሳተመው የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ጥናቱ ያንን ሊያሳይ እንደማይችል አምኖ ይቅርታ ጽፏል። ልብ በሉ፣ 2013 ነው። እኛ «ይሄ ነገር እኛ ሀገር የለም» ብለን አሜን ያልንበት ዓመት። ትምህርታቸው ሐዋሳ ድረስ መጥቶ ነበር። ይቅርታቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ጁዲት ኸርማን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም ከትራውማ ማገገምን በሦስት ደረጃ ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ ደህንነት። ከዚያ ማስታወስና ማልቀስ። ከዚያ ከሰው ጋር መልሶ መገናኘት። አማካሪዬ በዚህ ነበር የምትሄደው። እኔ ግን ሦስተኛውን መጀመሪያ ፈልጌ ነበር፤ ቶሎ ልዘምር፣ ቶሎ ይቅር ልበል፣ ቶሎ ልጨርስ። ፔንጤ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ። እኛ ዘንድ መዳን በአንድ ቀን ነው፣ ቀኑም ይመዘገባል። «መቼ ዳንሽ?» ብትሉኝ የጌታን ቀን እነግራችኋለሁ። ከጸሎት ቤቱ መቼ እንደዳንኩ ብትጠይቁኝ ግን የምነግራችሁ ቀን የለኝም።

የደህንነቱ ነገር በጣም ተራ ነበር። የራሴን ቁልፍ ያለው ክፍል መከራየት። ማን ምን እንደሚያውቅ መወሰን። ሲነሳብኝ ትንፋሼን ከማስገባቴ ይልቅ ማስወጣቴን ማርዘም፤ ረጅም ትንፋሽ ማውጣት የልብ ምትን ያረጋጋል። ቀዝቃዛ ውኃ ፊቴ ላይ። ዙሪያዬን እያየሁ የማየውን በድምፅ መጥራት። ወንበር፣ መጋረጃ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ የራሴ እግር፣ ማንም ያልያዘው። ጠዋት በሐይቁ ዳር ወደ አሞራ ገደል እሄዳለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ልጆቹ የቆሮሶ ዓሣ ሲገፍፉ፣ ሽታው፣ ጫጫታው፣ የዓሣ ሾርባው በርበሬ። እዚያ መሃል ሰውነቴ አሁን የት እንዳለ ያውቃል።

ከዚያ መዝሙሩ። አማካሪዬ አንድ የምወደውን መዝሙር አስመረጠችኝ፣ ኪቦርዱ ብቻውን የሚቀርበት ክፍል ያለውን። ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጌ፣ ዕቃ እያጠብኩ፣ መዝጊያው እጄ ላይ ሆኖ እንድሰማ። ሲብስብኝ እዘጋዋለሁ። መዝጋት መቻሌ ነው ቁም ነገሩ። ያኔ ማን ይዘጋልኝ ነበር? አንዳንድ ሳምንት እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። አንዳንድ ሳምንት መግቢያው ላይ እዘጋለሁ። አሁን አሁን አልቶውን ከሥር አንጎራጉራለሁ።

ስለሚያኮርፉት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያሉት የሚሉትን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ውጭ ያሉ ጓደኞቼ ግን ያስገርሙኛል። ቶሮንቶ ወይ ስቶክሆልም ተቀምጠው «አሁንም ታምኛለሽ? አሁንም ስቶክሆልም ሲንድረም ነሽ?» ይሉኛል፤ አጋቹን እንደሚወድ ታጋች ሆነሻል ማለታቸው ነው። ስቶክሆልም ያለው ሲለው ራሱ ይስቃል፣ ደህና ቀልድ ነው። ንዴታቸው ይገባኛል። እምነቱን የተወ ሰው ሁሉ ምክንያት አለው፣ ለብዙዎቹ መተው ነው ያዳናቸው። ለእኔ ግን እምነቴን ተዪ ማለት ጸሎት ቤቱ የጀመረውን ጨርሺለት ማለት ነው። እነሱ ፍቅሬን ሊወስዱ ነበር የፈለጉት። መዝሙሬን ደግሞ በፈቃዴ ልስጣቸው? መዝሙር 139 ላይ «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁና» የሚለውን አባዬ ነው ያስጠናኝ፣ በሰባት ዓመቴ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። የእኔ ነው። አልመልስም።

እማዬ ታውቃለች። ተነጋግረንበት አናውቅም፣ ግን ታውቃለች። ባለፈው ገና አብረን ሽንኩርት ስንከትፍ ድንገት ወጣኝ። «እማዬ፣ ያኔ እግሬን ለምን ያዝሽኝ?»

ቢላዋው አልቆመም። ቆይታ «ሌላ ሰው እንዳይይዝሽ ነው» አለች።

ዝም አልኩ።

«ሰውዬው እጁ ይከብድ ነበር። የመጀመሪያውን ልጅ እግሩን አጣሞት ነበር። እኔ ስይዝሽ ይሻላል ብዬ።»

ይቅር በዪኝ አላለችም። ተሳስተን ነበርም አላለችም። አሁንም ቢሆን ጌታ እንዲለውጠኝ እየጸለየች እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሷ ዘንድ ሳድር ሌሊት በግድግዳው ይሰማኛል። ግን እነዚያ ሁለት እጆች አሁን ስማቸው ሁለት ሆነብኝ። ለአማካሪዬ ስነግራት «ምን ይሰማሻል?» አለችኝ። «ንዴትም፣ እሷን ማቀፍም» አልኳት። አንዱን ምረጪ አላለችኝም። ዶሮ ወጡ ደግሞ ጥሩ ወጥቶልን ነበር።

አሁን ጥቂት ሆነን እናነባለን። ብዛታችንንም ቦታችንንም አልናገርም። አንድ በአንድ ነው የምንገባው። ጫማ ደጃፍ ላይ አንተውም። አንዷ ኦርቶዶክስ ናት፣ አንዱ እስላም ቤት ያደገና በሰው ሁሉ ኃይማኖት የሚከራከር ነው፣ ሌሎቻችን ፔንጤዎች ነን። እያነበብን ያለነው ኤርምያስን ነው። ባለፈው ምዕራፍ 38 ላይ ነበርን። ነቢዩን ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ጥለውታል። ያወጣው ማነው? አቤሜሌክ፣ በንጉሡ ቤት የነበረ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ። ሌላ ጃንደረባ! ንጉሡን ለምኖ ሰዎች ይዞ ሄደ። ገመድ ከመጣሉ በፊት ግን አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ከቤት አምጥቶ ወረወረለት፤ ገመዱ እንዳይልጠው ብብትህ ሥር አድርገው አለው። ሰው ከጉድጓድ ሲወጣም ሊቆስል እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ነው።

ኦርቶዶክሷ ጓደኛችን በነሱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባለው ተረፈ ባሮክ ላይ ይሄው አቤሜሌክ በለስ ለቅሞ ጥላ ሥር ተኝቶ 66 ዓመት እንደቆየ፣ ሲነሳም በለሱ ትኩስ እንደነበር ነገረችን። ፔንጤዎቹ «ይሄ ከየት መጣ?» አልን። ክርክር ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ክርክር። እኔ በመጨረሻ አንድ መዝሙር እንዘምር አልኩ፣ በሹክሹክታ። አንደኛው አይሆንም አለ። እሱም በልጅነቱ ዘይት የተቀባ ነው፤ ማንበብ እችላለሁ፣ መዝሙር ግን አልችልም አለ። ውጪ ቆሞ ይጠብቅ ያለም ነበር፣ እኔ አልተስማማሁም። እሱ ውጪ ቆሞ እኔ አልዘምርም። ሳንዘምር ተለያየን።

የሚቀጥለው ምዕራፍ 39 ነው። ከተማዋ ትወድቃለች። መጨረሻው ላይ፣ ከቁጥር 15 ጀምሮ፣ ለአቤሜሌክ ለራሱ የተላከ ቃል አለ። እኔ ነኝ የማነበው፣ ተራዬ ነው።